አፍንጫ ደፍጣጣ ቡችላ ስንት ያወጣል? ለክልላችን የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለክልሉ የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አፍንጫ ደፍጣጣ ትናንሽ ውሾች ሲሸጡ የጤና ወረቀት አብሮ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። የበሬ፣ የበግ፣ የበቅሎ፣ የዶሮ መድኃኒት ይጠይቁኛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛም ብቅ ማለት ጀምሯል። ቡችላ ታቅፎ ይገባል። ቡችላው ያንኮራፋል። ባለቤቱም ፈገግ ብሎ «ሲተኛ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቆሞም ያንኮራፋል» ይለኛል። ቀጥሎ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ትውከቱ ይነግረኛል። በመጨረሻ ዋጋ ይጠይቃል። ዋጋውን ስነግረው ፈገግታው ይጠፋል።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ ዋጋ ነው።

ውሾቹ ፐግ፣ ፍሬንች ቡልዶግ፣ ፔኪኒዝ፣ ሺትዙ የሚባሉት ናቸው። ፐግና ፔኪኒዝ ጥንት በቻይና ቤተ መንግሥት የተቀማጠሉ ውሾች ነበሩ። ፍሬንች ቡልዶግ ስሙ የፈረንሳይ ይሁን እንጂ ቅድመ አያቶቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ዳንቴል ሠራተኞች ጋር ባሕር የተሻገሩ ትናንሽ ቡልዶጎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ውሻ አሜሪካ ውስጥ በምዝገባ ብዛት አንደኛ ወጣ። ለ31 ዓመት አንደኛ የነበረውን ላብራዶር ነው የበለጠው። አሜሪካ የተወደደ ነገር ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ከቲክቶክ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ይደርሳል። አሁን ቴሌግራም ላይ «ንጹሕ ዘር፣ ኦሪጅናል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ማየት ብርቅ አይደለም።

የቡችላው መወደድ እኔን አያስከፋኝም። ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ይግዛ። የሚያስከፋኝ በውስጥ መስመር የሚነገረው የመግቢያው ዋጋ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሻጩ ያውቀዋል፣ ገዢው አያውቀውም። ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለውን ግዢ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉታል። እኔ ያን ያህል አልጨክንም። ውሾቹ በእውነት ደስ ይላሉ። ሰው ይወዳሉ፣ ጠባብ ቤት ይበቃቸዋል። ለጥበቃ ግን አትተማመኑባቸው። ሌባ ቢመጣ እንኳ የሚሸሸው ማንኮራፋቱን ሰምቶ «ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ተኝቷል» ብሎ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእነዚህ ውሾች የፊት አጥንት ሰው እየመረጠ ስላራባቸው አጥሯል። አጥንቱ ሲያጥር ውስጡ ያለው ሥጋ ግን አብሮ አላጠረም። ምላሱ፣ ላንቃው፣ የአፍንጫው ውስጠኛ ክፍል ሁሉ ባነሰ ቦታ ተጨናንቀው ይኖራሉ። የአፍንጫቸው ቀዳዳ አንዳንዴ ስንጥቅ ብቻ ነው። ለስላሳው ላንቃ ረዝሞ የአየር መግቢያው ላይ ይወድቃል። የአየር ቧንቧቸው ከተፈጥሮው የቀጠነም አሉ። ውሻው በዚህ ጠባብ መንገድ አየር ለመሳብ ዕድሜ ልኩን ይታገላል። ትግሉ ራሱ ጉሮሮውን ያሳብጠዋል፤ መንገዱ ይብስ ይጠባል። ለዚህ ነው በአንድ ዓመቱ ደህና የነበረ ውሻ በአራት ዓመቱ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው።

ሁሉም እኩል አይታመምም። ዕድሜውን በሰላም የሚጨርስ አለ። ነቅቶ እያለ የሚያንኮራፋው፣ ሲበላ የሚታነቀው፣ አረፋ የሚያስመልሰው፣ አገጩን ከፍ አድርጎ ቁጭ እንዳለ የሚተኛው ግን «ባሕርዩ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ታሟል። ሻጮች «ፐግ ሲፈጠር እንዲህ ነው» ብለው የሚያረጋጉት ገዢ ብዙ ነው።

ወደ እኛ አገር አየር ልምጣ። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም። ከእግሩ መዳፍ በቀር ላብ የሚባል የለውም ማለት ይቻላል። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። አየሩ በአፍንጫውና በምላሱ እርጥበት ላይ ሲመላለስ እርጥበቱ ይተናል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት በ38 እና በ39 ዲግሪ መካከል ነው። 41 ካለፈ አንጎል፣ ኩላሊት፣ አንጀት ይጎዳል። ረጅም አፍንጫ ያለው የአገራችን ውሻ ጥላ ሥር ገብቶ ጥቂት አለክልኮ ይድናል። አፍንጫ ደፍጣጣው ግን ከቀዘቀዘው በላይ ማለክለኩ ራሱ ያሞቀዋል። የሚታገለው ጡንቻ ሙቀት ይጨምራል።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ትጠጋለች። የአየሩ ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ አንድ አራተኛ ያንሳል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ጤነኛ ውሻ ይለምደዋል፣ ትዝም አይለው። ከትንፋሹ ጋር የሚታገለው ውሻ ግን የሚቆጥበው አየር የለውም። አውሮፓና አሜሪካ የተጻፈ የአያያዝ ምክር ብዙ ጊዜ ይህን አይነግራችሁም። የተጻፈው ለእኛ ደጋ አይደለማ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የዓባይ በረሃ ነው። ከአዲስ አበባ የተገዛ ቡችላ በካርቶን ተደርጎ፣ ወንበር ሥር ገብቶ ይመጣል። ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይገባል። ብርድ ለብሶ የተነሳ መንገደኛ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። ቡችላው ፀጉሩን ምን ያድርገው? ከዚያ እስከ ደጀን ዳገቱን መኪናው እያቃሰተ ይወጣል። መስኮት ከተከፈተ ደግሞ «ብርድ መታኝ» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። በዚህ ላይ የመንገዱ ጉዳይ አለ። መንገድ ሲዘጋ ሰው ሜዳ ላይ ሰዓታት ይቆማል። አብሮት ያለው እንስሳም ይቆማል።

በአውሮፕላን ይምጣ ቢባልም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መረጃ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአውሮፕላን ጉዞ ሞተው ዘራቸው ከተመዘገበ ውሾች ግማሽ ያህሉ ፊታቸው ያጠረ ነበሩ። ብዙ አየር መንገዶች እነዚህን ዘሮች በዕቃ ክፍል አንጭንም የሚሉት ለዚህ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ቡችላ በስጦታ ለመላክ ሲያስቡ ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በበረታበት ወር አንዲት እናት ፐጋቸውን በቀትር በባጃጅ ይዘው መጡ። ውሻው በጋቢ ተጠቅልሏል። ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል። «ለምን ሸፈኑት እማማ?» አልኳቸው። «ምች እንዳይመታው ነዋ!» አሉኝ። በዳማከሴ አሽተውታል። ከቤታቸው ሲነሱ ውኃ ቢያፈሱበት ኖሮ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነበር። እሳቸው ግን ውኃና ፀሐይ አብረው ምች ያመጣሉ ብለው ፈርተዋል። እኛ ቤትም እናቴ ይህንኑ ትላለች። እማማ ምንም ጥፋት የለባቸውም። የሸጠላቸው ሰው ስለ ሙቀት አንዲት ቃል አልነገራቸውም። ውሻው ማታውን ሞተ።

ስለዚህ ለሚያነብ ሁሉ፦ ውሻው በሙቀት ከተዝለፈለፈ መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጡ። ጥላ ሥር አስገቡት። በቧንቧ ውኃ ገላውን በሙሉ አርሱት። በካርቶን ክዳን አራግቡለት። በግድ ውኃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፣ ሳንባው ይገባል። ጋቢ አታልብሱት።

ዓይናቸው ሌላ ወጪ ነው። ዓይን ማደሪያው አጥንት ጥልቀት ስለሌለው ዓይናቸው ወጣ ብሎ ነው የሚታየው። የሚያምረውም እሱ ነው፣ የሚጎዳውም እሱ ነው። አቧራ ያገኘዋል፣ ሣር ይወጋዋል። ድመት ብትቧጭረው በአንድ ጥፍር ዓይን ይጠፋል። በማጅራቱ ጨምድደው ሲያነሱት ዓይኑ ከቦታው የሚወጣም አለ። እኛ ጋ ደግሞ ቡና አለ። ቡና ሲቆላ ጭሱ፣ ከዚያ እጣኑ፣ ወጥ ቤት የእንጨት ጭስ። ውሻው ደግሞ ከረከቦቱ ሥር አይጠፋም። በዚያ ጭስ ውስጥ ዓይንም ትንፋሽም ይጎዳል። ቡና እስኪወርድ በረንዳ ላይ ማቆየት ምንም አያስወጣም።

የሰው መድኃኒት ቤት ሄዶ የዓይን ጠብታ የሚገዛ ብዙ ነው። እዚህ ላይ በጥብቅ የምለው አለ። ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ የስቴሮይድ ዘር ያለበት ጠብታ የቆሰለ ዓይን ላይ ከገባ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ዓይኑ ሊበሳም ይችላል። ርካሽ የመሰለው ጠብታ ዓይን ያስወጣል። እውነቴን ነው፣ ቃል በቃል።

የፊታቸው እጥፋት በየቀኑ ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ ካልሆነ ይሸታል፣ ይቆስላል። ጥርሳቸውም እንደ ማንኛውም ውሻ 42 ነው። መንጋጋው ግን ለ42 አይበቃም። ተደራርቦ ይበቅላል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። የፍሬንች ቡልዶግ የተጠማዘዘ ጅራት የሚያምረው አንዱ አጥንት ተጣሞ ስለሚፈጠር ነው። ያው ጉድለት ጀርባ አጥንቱ ላይ ሲወጣ የኋላ እግሮቹን ያሰንፋል። አንገቱን በገመድ ወይም በሰንሰለት ማሰርም ለእነዚህ ውሾች አይሆንም። የደረት ማሰሪያ ያስፈልጋቸዋል። ይህ እንኳ ቀላል ነው። ከውጭ የመጣውን መግዛት አያስፈልግም። ጎበዝ ጫማ ሰፊ ልኩን ወስዶ ይሰፋዋል።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁዳዴ ገብቷልና። በጎጃም ቤት ውሻ የሚበላው ፍርፋሪ ነው። በፍስክ ከሥጋ ቤት ሳንባና ቁርጥራጭ ይገዛለታል። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ይዘጋል። ውሻውም ሳይወድ በግዱ ይጾማል። እንጀራ በሽሮ ይሰጠዋል። ሽሮው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ውሻ አንድ ጉርሻ ወጥ ብዙም ላይሰማው ይችላል። ለሰባት ኪሎ ፐግ ያው ጉርሻ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። እንጀራ ብቻ እየበላ ከተወፈረ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስቡ ጉሮሮው ዙሪያም ይከማቻል። ትንፋሹ ከነበረው ይብሳል። እነዚህን ውሾች ማክሳት ከብዙ መድኃኒት ይሻላል።

ስለዚህ ቤተሰቡ ወይ ከውጭ የገባ ደረቅ ምግብ ይገዛል፣ ወይ እንቁላልና ሥጋ ከጾም በፊት አስቦ ያስቀምጣል፣ ወይ ሽንኩርት የሌለው ሩዝና ምስር ለብቻ ይቀቅላል። ጾመኛ እናት ለውሻ ሥጋ ስትቀቅል ጎረቤት ምን እንደሚል እናንተም እኔም እናውቃለን። ይህም ወጪ ነው፤ በብር ባይቆጠርም።

ከውጭ የሚገባው ነገር ሁሉ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የከብት መድኃኒት ላይ የጨመረው ገበሬውን ጎድቷል። የውሻ ነገር ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚመጣው በትንሹ ነው። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ፍየል፣ ለዶሮ ነው። ፓርቮና ዲስተምፐር ለሚባሉት የውሻ በሽታዎች የሚሰጠው ክትባት ከውጭ ነው የሚመጣው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም «ከቤት አይወጣም» ተብሎ መቅረት የለበትም። ከቤት ባይወጣም የሚገባ ውሻና ድመት አለ።

አሁን ወደ ትልቁ ወጪ ልግባ። የሚታፈን ውሻ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል፣ የረዘመው ላንቃ ይቆረጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚከፈልበት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከሠለጠኑበት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማደንዘዣው ነው። እነዚህ ውሾች ሲተኙ ጉሮሯቸው ይዘጋል። ስለዚህ ቱቦ ገብቶላቸው፣ ኦክስጅን እያገኙ፣ በደንብ እስኪነቁ ድረስ ቱቦው ሳይወጣ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋል። የእኛ ክሊኒኮች የተዘጋጁት ለከብት ነው። እጃችን ላይ ያሉት ዛይላዚንና ኬታሚን የሚባሉ ማደንዘዣዎች ናቸው። ዛይላዚን ውሻን ብዙ ጊዜ ያስመልሳል። ጉሮሮው ለጠበበ ውሻ ትውከት ማለት ሳንባ ውስጥ የሚገባ ትውከት ማለት ነው። እኔ ራሴ ይህን ቀዶ ሕክምና እዚህ አልሞክርም። «አዲስ አበባ ውሰዱት» እላለሁ። አዲስ አበባ ማለት ከባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከሉ ያው የዓባይ በረሃ ነው። የታመመውን ውሻ ለማዳን፣ የሚገድለው ሙቀት ውስጥ ማሳለፍ።

መውለዱም እንደዚሁ። የቡችሎቹ ራስ ትልቅ ነው፣ የእናትየዋ ዳሌ ጠባብ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከ10 የፍሬንች ቡልዶግ ወሊዶች ከ8 በላይ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና መሆናቸውን አሳይቷል። «አንዷን ሴት ገዝቼ፣ አስወልጄ፣ ብሬን እመልሳለሁ» የሚል ወጣት ሱቄ ሲመጣ ይህን ቁጥር ነው የምነግረው። የአገራችን ውሻ ከግቢው ጥግ ለብቻዋ ወልዳ ጠዋት ስድስት ቡችላ ታሳያችኋለች። ፍሬንች ቡልዶግ ሌሊት ምጥ ላይ ከገባች ግን ሐኪም፣ ማደንዘዣ፣ ኦክስጅን ትፈልጋለች። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ላይ በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ሂሳቡን በወረቀት አስልቶ ሐሳቡን የቀየረ አለ። «አይ፣ የእኔ ዕድለኛ ትሆናለች» ብሎ የሄደም አለ።

ይህን ስታነቡ «ሰው በተቸገረበት ጊዜ ስለ ውሻ አፍንጫ?» የሚል ከመካከላችሁ ይኖራል። አይፈረድበትም። እኔም የምኖረው በከብት መድኃኒት ነው። አባ ሰንጋ የገባበት ቀበሌ፣ ፈንግል ዶሮዋን የፈጀባት እናት ይቀድማሉ። በጀታችሁን ከበሬ ወደ ፐግ አዙሩ አላልኩም። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ በጀት የማይነካ ነገር ነው።

ይኸውም ወረቀት ነው። አፍንጫ ደፍጣጣ ቡችላ የሚሸጥ ሰው የወላጆቹን የመተንፈስ ምርመራ ውጤት አብሮ ይስጥ። ምርመራው አዲስ ፈጠራዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ለፐግ፣ ለፍሬንች ቡልዶግና ለቡልዶግ ይሠራበታል። ያዘጋጁት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ውሻው ዐርፎ እያለ ትንፋሹን በስቴቶስኮፕ ያዳምጣል። ውሻው ለ3 ደቂቃ ሶምሶማ ይሮጣል። ሐኪሙ እንደገና ያዳምጣል። ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። 0 የበሽታው ምልክት የለበትም ማለት ነው። 3 ያገኘ አይራባም። ውሻው ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ስለዚህ የሚመረመሩት ወላጆቹ እንጂ የሚሸጠው ቡችላ አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ይደገማል።

ምን ያስፈልጋል? ስቴቶስኮፕና ሜዳ። ማዳመጡ ሥልጠና ይጠይቃል እንጂ ማሽን አይጠይቅም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉት። ስቴቶስኮፕ ደግሞ ሁላችንም አንገት ላይ አለ፣ አንዳንዶቻችን ለጌጥ ብንይዘውም።

ወረቀቱ ላይ ሌላም ይጻፍ፦ ቡችላው በቀዶ ሕክምና መወለድ አለመወለዱ፣ የተከተበበት ቀን፣ የሻጩ ስልክ። ወላጆቹ አዲስ አበባ ቀርተው ከሆነ ደግሞ ሻጩ «ወላጆቹ አልተመረመሩም» ብሎ ይጻፍና ይፈርም። ገዢው ያን አይቶ ይወስን። አልከለክለውም። ግን አውቆ ይክፈል። ይህ ብቻ ቢሆን ገበያው ራሱ መለየት ይጀምራል። 0 ያገኙ ወላጆች ያሉት አርቢ ዋጋ ቢጨምርም ቅር አይለኝም፣ ይገባዋል።

ኔዘርላንድስ ከዚህም ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የአፍንጫው ርዝመት ከራስ ቅሉ አንድ ሦስተኛ በታች የሆነ ውሻ እንዲራባ አትፈቅድም። እኛ እዚያ እንድረስ አልልም። ደንብ አውጥቶ የማያስፈጽም መሥሪያ ቤት ከመሆን ቀላሉን ይዞ መጀመር ይሻላል።

አርቢዎችንም አንድ ነገር ልለምን። «ክልስ ነው» ተብሎ የሚናቀውን ቡችላ አትናቁት። ፐግ ከሌላ ውሻ ተዳቅሎ አፍንጫው ወጣ ያለ ቡችላ ሲወለድ ዋጋው ግማሽ ይሆናል። በትንፋሹ ግን ብዙ ጊዜ ከ«ኦሪጅናሉ» ይሻላል። እኔ ለእህቴ ልጆች ልግዛ ብል የምመርጠው ያንን ነው። ፎቶ ላይ ያን ያህል ላያምር ይችላል። ጊዮርጊስ አደባባይ ደርሶ ሳይሸከሙት ይመለሳል።

ሁለተኛ ጥያቄዬ ጥቂት ብር ይነካል፣ አልደብቃችሁም። ባሕር ዳር ላይ አንድ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ክሊኒክ የኦክስጅን ሲሊንደርና ለትንሽ እንስሳ የሚሆን የጉሮሮ ቱቦ ይኑራቸው። ለፐግ ብቻ አይደለም። መኪና የገጨው የግቢ ውሻም፣ መርዝ የበላችም ድመት፣ ለቀዶ ሕክምና የሚተኛ ጥጃም ይጠቀምበታል። ተጠቃሚው የሚችለውን ይክፈል። ዛሬም እየከፈለ ነው፤ ለመኪና፣ ለአልጋ፣ ለአዲስ አበባ።

ሦስተኛው ለዚህ ወር ነው። መጋቢት ከመግባቱ በፊት በኤፍ ኤም ሬዲዮ ሁለት ደቂቃ ስጡን። አንደኛው ደቂቃ ስለ ሙቀትና ስለ ጋቢው ይሁን፣ ሁለተኛው ስለ ዓይን ጠብታው። ጽሑፉን እኔ አዘጋጅቼ አመጣለሁ። ሥልጠናውንም ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ ሐኪሞች ካሉ ሱቄ በር ላይ ያለው ሜዳ ለ3 ደቂቃ ሶምሶማ ይበቃል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያተኛው ሲቀንስ ይመቸኛል።

ከሰላምታ ጋር
ባሕር ዳር የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም

ግልባጭ፦
ቡችላ በቴሌግራም ለምትሸጡ
ለፋሲካ ቡችላ ለመግዛት ላሰባችሁ
ውጭ ሆናችሁ «ልላክላችሁ» ለምትሉ ዘመዶች